መቼ ልምጣ?

ባለፈው ነሐሴ ለልጄ ዩኒፎርም ላሰፋ ሰኞ ገበያ ወጣሁ። ደሴን በነሐሴ ታውቋታላችሁ። የጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቧል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሰዉ በጃንጥላ ይጋፋል። ጨርቄን በፌስታል ይዤ አንዲት ጠባብ ስፌት ቤት ዘው አልኩ። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የካውያ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ጠርዛቸው ያልታጠፈ ቀሚሶች ተሰቅለዋል። ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቀና አለችና ትክ ብላ አየችኝ።

"አላወቅሽኝም አይደል?" አለች።

አውቄያታለሁ። ስሟም አልጠፋኝም። ስሟን አንድ ቀን ፋብሪካ በር ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። እዚህ ዘሃራ ልበላት፤ እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ጽሑፍ በልቤ ስጽፈው ስሰርዘው ከረምኩ። አሁን ስለ ኮሮና ማውራት ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ እኛ ከኮሮና በኋላ ስንቱን አይተናል። ደሴ ላይ "ያ ክፉ ጊዜ" ብትሉ ኮሮናን የሚያስብ ሰው አታገኙም። እኔ ግን የዚያች ልጅ ስም ያለበት ወረቀት እስከዛሬ ከእጄ አልወረደም።

በሩ ላይ

ያኔ ኮምቦልቻ፣ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የሰው ሀብት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። የፋብሪካው ስም ይቅር። ቤቴ ደሴ ነው። ጠዋት ካፖርቴን ለብሼ በሰርቪስ ሀረጎን እወርዳለሁ፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ካፖርቱ ክንዴ ላይ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፣ ግን ብርድና ሙቀቱ የሁለት አገር ነው።

ቅጥር ስናወጣ በሩ ላይ የሚሰለፉት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ከወረባቦ፣ ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ፣ ከለጋምቦ። እናቶቻቸው ስለ ኮምቦልቻ ሲሰሙ የደርግ ጊዜውን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የሚያውቁት፤ ልጆቹ ግን ሐምሌ 2009 የተመረቀውን ኢንዱስትሪ ፓርክ ሰምተው ነው የመጡት። መታወቂያ፣ የስምንተኛ ወይም የአሥረኛ ክፍል ወረቀት፣ አንዳንዴም ተያዥ። ፎርሙን ሞልተው ይፈርማሉ። ባሳለፍኳቸው ዓመታት "ደመወዙ ስንት ነው?" ብላ የጠየቀችኝ አንድም ልጅ ትዝ አትለኝም። ይጠይቃሉ፤ "መቼ እጀምራለሁ?" ብለው። መነሻው 1,000 ብር እንኳ አይሞላም ነበር። ለግል ድርጅት በሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ ደመወዝ አገራችን እንደሌላት እኔ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነዋ። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሚወስን ቦርድ ይቋቋማል ይላል። ይላል እንግዲህ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው በሽተኛ አዲስ አበባ ተገኘ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። ፋብሪካችን መጀመሪያ አልደነገጠም። በር ላይ በርሜል ውሃና ሳሙና ቆመ፣ ጥበቃው እንደ ሽጉጥ ግንባር ላይ የሚደቀን ሙቀት መለኪያ ያዘ፣ ሰርቪሱ ውስጥ አንዱ ወንበር እየታለፈ በፕላስቲክ ገመድ ታሰረ። ከዚያ ትእዛዝ ቆመ። ልብሱን የሚገዙት አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ሱቆች ናቸው፤ እነሱ ሲዘጉ የኮምቦልቻ መኪና ለማን ይስፋ? ሰዉ ሱሪ የሚገዛው ቫይረስ ሳያሳስበው ነው። ሲያሳስበው ቤቱ በፒጃማ ይቀመጣል።

"ከቤት ሆኖ መሥራት" የሚባለውን ነገር በዚያ ሰሞን ነው በሬዲዮ የሰማነው። ከሱፐርቫይዘሮቻችን አንዱ፣ "እንግዲህ የስፌት መስመሩን እየነቀላችሁ ወደ ቤት ውሰዱ" እያለ ያስቀን ነበር። ሳቁ ግን ሳምንት አልዘለቀም።

መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ለአምስት ወር። አሠሪ ሠራተኛ እንዳያሰናብት፣ አከራይ ተከራይ እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ተከለከለ። ደግ ሐሳብ ነበር፣ አልክድም። የኪራዩ ነገር ብዙዎችን አድኗል። በሥራው በኩል ግን እኛ ጋ የሆነው ይህ ነው፤ ማሰናበት ስለማይቻል ማንም አልተሰናበተም። ፈቃድ ውጡ ተባሉ። መጀመሪያ የዓመት ፈቃዳቸው ይታሰብላቸዋል። የዓመት ፈቃድ ለአንድ ዓመት ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ነው። ከ16 ቀን በኋላስ? ከዚያ በኋላማ ያለው ያው ፈቃድ ነው፣ ደመወዝ የሌለው።

ዝርዝሩን ያተምኩት እኔ ነኝ። ሦስት ገጽ። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ፋሲካም ረመዳንም ተከታትለው እየመጡ ነበር። ልጆቹን ከበሩ ውጭ በርቀት አቁመን አንድ በአንድ ስም አነበብኩ። ማስኩ ድምፄን ስለሚያፍነው ደግሜ ደግሜ ነው የምጮኸው። ዘሃራ ስሟ ሲጠራ ቀረብ ብላ ፈረመች፣ ባጇን መለሰች። ከዚያ ቆመች።

"እትዬ፣ እና መቼ ልምጣ ይሉኛል?"

"እንደውላለን" አልኩ።

ይቺው ናት። ሌላ ምንም አላልኩም። እሷም "እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ሄደች። ምን ሰጥቻት ነው የምታመሰግነኝ? ያን ወር የእኔ ደመወዝ ሳይጎድል ገባ።

ግማሹ ገበያ ማዶ ነው

የሥራ ገበያ ሲባል ጠረጴዛ ላይ ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር። የክፍት ቦታ ማስታወቂያ፣ አመልካች፣ ቃለ መጠይቅ። ያ ክረምት ሌላ ነገር አሳየኝ።

እኛ ሰፈር ከየቤቱ አንዲት ልጅ ዐረብ አገር አለች ብል ብዙም አላጋነንኩም። የወሎ የሥራ ገበያ ግማሹ ቀይ ባሕር ማዶ ነው። ቤይሩት ቤተሰቦች በኢኮኖሚው ቀውስና በኮሮናው ተደርበው የቤት ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው ከነሻንጣቸው ቆንስላችን በር ላይ ሲጥሏቸው ያየነው ያን ጊዜ ነው። ሳዑዲም በዚያው ሰሞን በሺዎች የሚቆጠሩትን መለሰች። እዚህ ደግሞ ባንክ ቤት ተራ ጠብቀው "ብር ገብቷል?" የሚሉ እናቶች ነበሩ፤ አልገባም። በየወሩ በሚላከው ገንዘብ ትማር የነበረች ታናሽ እህት፣ ትምህርቱ ሲከፈት ላትመለስ ትችላለች። ይህ ኪሣራ በየትኛው ፋብሪካ ዝርዝር ላይ ይመዘገባል?

በባቲ መንገድ ደግሞ የጅቡቲ ሹፌሮች አሉ። ድሮ ኮምቦልቻ ሲገቡ ምግብ ቤቱ ሁሉ ስማቸውን እየጠራ ይቀበላቸው ነበር። ያን ሰሞን ግን የጭነት መኪና ሲቆም ሰው መንገድ ይቀይር ጀመር። ምግብ ቤቶቹ ባዶ፣ ሳህን የሚያጥቡት ሴቶች ቤታቸው። እነሱን ማንም ፈቃድ ውጡ አላላቸውም፤ ፈቃድ የሚባል ነገር ኖሯቸው አያውቅም።

በኋላ የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. የ2020ውን ኪሣራ አስልቶ አወጣ። በዓለም ዙሪያ የጠፋው የሥራ ሰዓት 255 ሚሊዮን ሰው በሙሉ ጊዜ ከሚሠራው ጋር ይስተካከላል አለ። በመቶኛ ሲሰላ ሴቶች ከወንዶች በላይ ሥራ እንዳጡም ተናገረ። ቁጥሩን ሳነብ ሦስቱን ገጾቼን ከየት በኩል እንደምከታቸው አሰብኩ። እነሱኮ በወረቀት ሥራ አላጡም። ፈቃድ ላይ ናቸው።

እርስዎ እና አንቺ

መስከረም 2013 ትእዛዝ በጥቂቱ መመለስ ጀመረ። አዲሱ የብር ኖት የወጣበት ሰሞን ነው፤ ሰው ሁሉ አሮጌውን ለመቀየር ባንክ በር ላይ ተኮልኩሏል። አለቃዬ ሦስቱን ገጾች መልሶ ሰጠኝና "ጥሪያቸው" አለኝ። በልቤ ደስ አለኝ። "እንደውላለን" ያልኩት ቃል ሊፈጸም ነው። ቃሌን የምጠብቅ ሰው ልሆን ነው።

ደወልኩ። ያኔ ስልክ ሲጠራ ከዜማ ይልቅ የኮሮና ማሳሰቢያ ነበር የሚሰማው፣ ታስታውሳላችሁ። እጅ ታጠቡ የሚለውን ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደሰማሁ እንጃ። ብዙው ስልክ ዝግ ነው። አንዷ አግብታለች። አንዷን አባቷ አነሱት፤ "ልጂቱ በጅቡቲ፣ በኦቦክ በኩል ባሕር ተሻግራለች፣ ደወለች ብትይኝ ነበር ደስ የሚለኝ" አሉኝና ዘጉት። አንዷ ደግሞ ንግግሬን ሳልጨርስ "አሁን ልምጣ?" አለች፤ በማግስቱም ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በሩ ላይ ነበረች።

የዘሃራ ስም ሁለተኛው ገጽ መሐል ላይ ነው።

"ሰላም ዘሃራ፣ ከፋብሪካው ነው የምደውለው።"

"ማን ልበል?"

ነገርኳት። ዝም አለች። ከጀርባዋ የስፌት መኪና ትርርር ሲል ይሰማኛል። ቆመ።

"እሺ፣ ስንት ነው?"

"ምኑ?"

"ደመወዙ ነዋ።"

"ያው፣ እንደነበረው ነው።"

"ሥራ እንደገና ቢቆምስ? ትከፍሉኛላችሁ ወይስ ያው ፈቃድ ነው?"

አፌ ተያዘ። ወደ አለቃዬ በር አየሁ። ተዘግቷል። "እሱን እንግዲህ ማኔጅመንቱ ነው የሚያውቀው" አልኩ።

"አብሽሪ፣ አንቺ ምን ታደርጊ" አለችኝ። "እኔ ግን አልመጣም።"

ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከወንበሬ አልተነሳሁም። የገረመኝ አለመምጣቷ አይደለም። "አንቺ" ማለቷ ነው። ከአምስት ወር በፊት በር ላይ ቆማ "መቼ ልምጣ ይሉኛል" ያለችኝ ልጅ ናት። በዕድሜ እበልጣታለሁ፣ ግን ያኔ እርስዎ ያሰኛት ዕድሜዬ አልነበረም። እጄ ላይ የነበረው ወረቀት ነው። አሁን ወረቀቱ ያው እጄ ላይ ነው፤ ለእሷ ግን ወረቀት ብቻ ሆነ። ደግሞ አልሰደበችኝም። አብሽሪ ብላ አጽናናችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ወረርሽኝ የሥራ ገበያን ቀየረው ሲባል የምረዳው ከዚያች ስልክ ተነሥቼ ነው። ስንት ሥራ ጠፋ፣ ስንቱ ተመለሰ የሚለው ቁጥር አስፈላጊ ነው፤ ግን ቁጥሩ መልሶ ሊሞላ ይችላል። የእኛም መስመር በሌሎች ልጆች ተሞላ። ያልተመለሰው "የወር ደመወዝ ማለት የተረጋገጠ ነገር ነው" የሚለው እምነት ነው። ወላጆቻቸው ያን እምነት ይዘው ነው ከገጠር የላኳቸው። ዝናብ ቢቀር ደመወዝ አይቀርም ብለው። ደመወዝም እንደ ዝናብ እንደሚቀር አዩ። አንድ ጊዜ ያየ ሰው "ቢቆምስ?" ሳይል ዳግመኛ አይፈርምም።

መቀናጆ

ይህን ለአባቴ ስነግረው የገባው በሌላ በኩል ነው። "መኪናውን ከየት አመጣችው?" አለኝ።

ያኔ አላውቅም ነበር። ባለፈው ነሐሴ ራሷ ነገረችኝ፣ የልጄን ትከሻ እየለካች። አራት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው ነበር የሚኖሩት። ሁለቱ አገራቸው ገቡ። ዘሃራና አንዲት የመስመር ጓደኛዋ ቀሩ። ዘሃራ የዕቁብ ብር ነበራት፣ ጓደኛዋ ለእናቷ ልትልክ የያዘችው። እሱን ደምረው በእግር የሚረገጥ አሮጌ ሲንጀር ገዙ። ማስክ ግዴታ የሆነበት ጊዜ ነው። ከነጠላ ቁራጭ፣ ከአንሶላ፣ ካገኙት ጨርቅ ሁሉ ማስክ ሰፍተው በሰሐን ለሚያዞሩ ልጆች ይሰጣሉ። ቀን አንዷ ትረግጣለች፣ ማታ ሌላዋ። "ችግር በቅቤ ያስበላል" አለች እየሳቀች። ፋብሪካ ውስጥ ዘሃራ ኮሌታ ብቻ ነበር የምትሰፋው። ኮሌታ፣ ኮሌታ፣ ኮሌታ። ሙሉ ልብስ መስፋት የተማረችው ሥራ ካጣች በኋላ ነው።

"መቀናጆ ነዋ!" አለ አባቴ፣ ይህን ስተርክለት።

የእሱ አያት ክፉ ቀንን ያዩ ናቸው። የ1880ዎቹን መጀመሪያ፣ የከብት በሽታው የገባበትን። እሱም ወረርሽኝ ነበር፤ የገደለው ግን መጀመሪያ በሬውን ነው። ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ይባላል። ሰው አለ፣ መሬት አለ፣ በሬ የለም። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ የሚባለው ያኔ ነው። ገበሬው ግን ዶማው የት ያደርሰዋል? ከእጅ አይሻል ዶማ። አንድ በሬ የተረፈው ሰው ሌላ አንድ በሬ የተረፈውን ፈልጎ ይቀናጃል። ምንም ያልተረፈው ደግሞ ለባለበሬ አንገቱን ይደፋል። አባቴ ከአያቱ የሰማው እንዲህ ነው፤ "የሰው ዋጋ የወረደው ሰው በዝቶ አይደለም፣ በሬ አንሶ ነው።"

አውሮፓ ላይ በጥቁሩ ሞት ጊዜ የሆነው የዚህ ተቃራኒ እንደነበር አንብቤያለሁ። ሰው ረገፈ፣ መሬትና በሬው ቀረ፣ የሠራተኛ ዋጋ ወጣ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1351 ደመወዝ ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው እንዳያልፍ በሕግ እስክትከለክል ድረስ። ስለዚህ ወረርሽኝ ሁሉ ለሠራተኛ አንድ ዓይነት ዕዳ ይዞ አይመጣም። የሚጠየቀው ምን ገደለ ነው። ኮሮና እኛ ጋ ያን ያህል ሰው አልጨረሰም። ሠራተኛዋንና መኪናዋን ነው የለያየው። መኪናው ደግሞ የእሷ አልነበረም።

እዚህ ላይ ራሴን ልግታ። የዘሃራን ታሪክ "ኮሮና ነጋዴ አደረጋት" ብሎ የሚያወራ ሰው ካለ አልስማማም። እሷ የዕቁብ ብር ነበራት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ከእሷ በታች የተጻፈችው ልጅ አልነበራትም፤ በዚያው ደመወዝ ተመለሰች፣ ምንም ሳትጠይቅ። "ቢቆምስ?" ብሎ ለመጠየቅ መኪና ከጀርባ ሲንቀሳቀስ መሰማት አለበት። በሩ ላይ አንድ ዓይነት የነበሩት ልጆች መስከረም ላይ ሁለት ዓይነት ሆኑ። በኦቦክ በኩል የሄደችውን ከየትኛው እንደምቆጥራት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ

ከዚያ በኋላ ያለውን አገር ያውቀዋል። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ሸሸን። ኅዳር መጨረሻ ከተሞቹ ሲመለሱ እኛም ተመለስን። ፋብሪካው ውስጥ የገባሁ ቀን የሰው ሀብት ቢሮ ወለሉ በወረቀት ተሸፍኖ ነበር፤ ፋይል፣ ውል፣ የፎቶ ቁራጭ። መስመሩ ላይ ከመኪኖቹ ይልቅ ቦታቸው ይታያል፣ ብሎኑ የተነቀለበት አራት አራት ቀዳዳ። በዚያው ታኅሣሥ አሜሪካ ዕቃችን ያለቀረጥ ከሚገባበት ከአጎዋ አስወጣችን። ስለዚህ አንድ ሰው "ፋብሪካውን የጎዳው ኮሮና ነው ወይስ ጦርነቱ ወይስ አጎዋ?" ቢለኝ ለይቼ አልነግረውም። ሁሉም በአንድ በር ነው የገቡት። ልዩነቱ አንድ ነው። ለጦርነቱ ስም ዝርዝር አላነበብኩም። ያን ጊዜ እኔም ዝርዝሩ ውስጥ ነበርኩ።

ሥራ ፍለጋ ወጣሁ። አንድ ቦታ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁና መጨረሻ ላይ "ጥያቄ አለሽ?" አሉኝ።

"ሥራ ቢቆም ደመወዝ ይቀጥላል?" አልኩ።

ከጠያቂዎቹ አንዱ ሳቀ። ሌላኛዋ አልሳቀችም። ጻፍ አድርጋ "አብረን እናየዋለን" አለች። ተቀጠርኩ። እስካሁን አላየነውም።

ወደ ዩኒፎርሙ ልመለስ። ዘሃራ ለካች፣ በአሮጌ ደብተር ላይ ጻፈች፣ ጨርቁን ገልብጣ አየችና "ይሄ ይለቃል፣ መጀመሪያ በውሃ ነክሬ ነው የምቆርጠው" አለች። ጓደኛዋ የት እንደደረሰች ጠየቅኳት። ሪያድ ናት አለችኝ፤ ድርሻዋን ዘሃራ ከፍላ ጨርሳለች። ሁለተኛውን መኪና በቅርቡ ነው የገዛችው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ወደ አሮጌው ሲንጀር ትመለሳለች። አንዲት ልጅ ቀጥራለች። ልጅቷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። ስንት እንደምትከፍላት ልጠይቅ ፈለግኩና ተውኩት። ምን አገባኝ። ወይም መልሱን ፈራሁት።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት ልወጣ ስል።

"የምን?"

"ያኔ፣ በሩ ላይ።"

ትንሽ አሰበች። የምሯን ነው፣ አላስታወሰችውም። እኔ ስንት ዓመት የተሸከምኩትን እሷ ዘሃ ሲመዝ እንደሚወድቅ ክር ጥላው ሄዳለች። "ኧረ ተይው" አለች፣ ምን እንደምተወው ሳይገባት። ቀብድ ሰጠኋት።

"መቼ ልምጣ?" አልኩ።

"እደውልልሻለሁ።"

እስከ ሐሙስ ጠበቅኩ። አልደወለችም። ዓርብ ትምህርት ቤቱ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዝናቡን ታግሼ ራሴ ሄድኩ። ሱቁ ሞልቷል፣ ወረፋው እስከ በረንዳው ነው። ጃንጥላዬን አጥፌ ከኋላ ቆምኩ።